የበረዶ ቤቱ ሦስት ጓጉንቸሮች

የበረዶ ቤቱ ነገር በተነሣ ቁጥር ሁሉም ጥፋቱን በሌላው ያሳብባል። ደብረ ሲናዎች በእኛ፣ እኛ በአሊዩ አምባዎች፣ አሊዩ አምባዎች ደግሞ በመንገዱ። ቃለ ጉባኤውን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማን ምን እንዳለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ሰው ደስ ባይለውም እኔው ልናገረው።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ከዋናው መንገድ ዳር ጁስ ቤት አለኝ። ማንጎና ፓፓያ እፈጫለሁ። ግንቦት ሲገባ የእኛ ከተማ ባጃጅ ነጂ ወንበሩ ላይ እርጥብ ፎጣ አንጥፎ ነው የሚሠራው። እኔ መብራት ሲኖር ውሃ በፌስታል እያሰርኩ ፍሪጅ ውስጥ በረዶ እሠራለሁ፤ መብራት ሲሄድ ደንበኛዬ የሞቀ ጁስ እየጠጣ ይሰድበኛል። አንዱ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥቶ፣ "አንቺ፣ ይሄ ጁስ ነው ወይስ አጥሚት?" ብሎኛል። እንግዲህ በረዶ የሚባል ነገር ሲነሣ ጆሮዬ ቢቆም አይፈረድብኝም።

በረዶውን ያመጣብን የአገራችን ሰው ነው። ለሥልጠና ተብሎ ውጭ አገር ሄዶ ሁለት ሳምንት ብርድ ውስጥ ከረመና ተመለሰ። ከተመለሰ በኋላ በዚያ ሙቀት ኮቱን ማውለቅ እምቢ አለ። እኛም ስሙን ትተን ሠልጣኙ አልነው። ይህ ሰው ከሸዋ ሮቢት፣ ከደብረ ሲናና ከአሊዩ አምባ ተወካዮችን አስጠርቶ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሰበሰበን። እኔ የእድራችን ጸሐፊ ስለሆንኩና የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ ለቃለ ጉባኤ ተመረጥኩ።

ሠልጣኙ መጋረጃውን ዘግቶ ግድግዳው ላይ ፊልም አሳየን። ወለሉ በሙሉ በረዶ የሆነ ትልቅ አዳራሽ ነው። ሰዎቹ እግራቸው ላይ ስለት ያለው ጫማ አድርገው ይንሸራተታሉ፤ የወደቀው ይነሣል፣ የተነሣው ይወድቃል። "ይህን የሠሩት ጎረቤታሞች የሆኑ ከተሞች ናቸው" አለን። "አንዱ ከተማ ብቻውን አይችለውም ነበር። ወጪውንም ሥጋቱንም ተካፈሉት። እኛስ ምን ያንሰናል?"

ምን እንደሚያንሰን ለመዘርዘር ሰዓቱ አይበቃም ነበር። በመጨረሻ ከኋላ ወንበር አንድ ገበሬ ተነሣና፣ "ጥያቄ አለኝ፤ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቲማቲም ቢገባ ስንት ቀን ይቆያል?" አለ። ሠልጣኙ ይህን አልሠለጠነም። አዳራሹ ግን ነቃ። ምሳ ሳይደርስ ተንሸራታቾቹ ተረስተው ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ማንጎ ገቡበት። የበረዶ መጫወቻው የጋራ የበረዶ ቤት ሆነ፤ ምርት የሚያቀዘቅዝ፣ በጎን ደግሞ ለእንደኔ ያለው በረዶ የሚሠራ። ሠልጣኙ ስላኮረፈ ለማባበል ያህል "የመንሸራተቻው ሜዳ በሁለተኛው ምዕራፍ ይታያል" የሚል ዐረፍተ ነገር አስገባሁለት። አሁንም መዝገቡ ላይ አለ።

ወጪው አላጣላንም። ኋላ ቦታው ሲለይ እኛ መሬቱን ሰጠን፣ ደብረ ሲናዎች ድንጋይና እንጨት ጫኑ፣ ማሽኑን የሦስቱም ከተማ ነጋዴዎች ተጋግዘው ገዙት። ያጣላን ሥጋቱ ነው። የአሊዩ አምባው ተወካይ ሐጂ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በንግድ የጨረሱ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው።

"ወጪስ ይታያል" አሉ ሐጂ። "ይሄ ሥጋት የምትሉት ግን የት ተቀምጦ ነው ለሦስት የሚቆረጠው?"

"ኪሳራ ቢመጣ ሦስቱ ከተሞች እኩል ይሸከማሉ ማለት ነው" አለ ሠልጣኙ።

"ከተማ ትከሻ አለው?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁና "ሥጋቱን እኩል ለመካፈል በሙሉ ድምፅ ተስማማን" ብዬ ጻፍኩ። ሐጂ አልሳቁም፤ ፈርሙ ሲባሉ ግን ፈረሙ።

ቀጥሎ ቤቱ የት ይሠራ የሚለው መጣ። የደብረ ሲናው ተወካይ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ብድግ አሉና፣ "ልጆች፣ ብርድ እኛ ዘንድ በነጻ አለ። ቤቱን ደብረ ሲና ብትሠሩት መብራት ቢጠፋ እንኳ መስኮት መክፈት ይበቃል" አሉ። እኔ ደሜ ፈላ። ቲማቲሙ የእኛ፣ ማንጎው የእኛ፣ ላቡ የእኛ፣ ቤቱ የእነሱ? ጸሐፊ መናገር እንደሌለበት እያወቅሁ ተነሥቼ፣ "ጋሼ፣ በረዶ የሚያስፈልገው ለሚቃጠል ሰው ነው፤ እርስዎ ጋቢዎን ለብሰው ምን ያደርግልዎታል?" አልኩ። የእኛ ሰዎች አጨበጨቡ። ጋሼ ተቀመጡ። አሁን ረጋ ብዬ ሳስበው ልክ ነበሩ። ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው ጭነት ሁሉ በእሳቸው ደጅ ነው የሚያልፈው። ያን ጊዜ ግን ጭብጨባው ጥሞኝ ነበር።

ቤቱ እኛ ጋ ይሁን ተብሎ ሲወሰን የሌሎቹ ፊት ጠቆረ። ሸዋ ሮቢቶች ሌሊት ሌሊት እየከፈቱ የራሳቸውን ምርት ይሞሉበታል የሚል ጥርጣሬ መጣ። ማንም በግልጽ አላለውም፤ ግን ሁለት ስብሰባ ሙሉ በዙሪያው ዞርን። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ በሦስተኛው ስብሰባ እጄን አወጣሁ።

እድር ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የእድራችን ሣጥን ሦስት ጓጉንቸር ነው ያለው። አንዱን ቁልፍ ሊቀመንበሩ፣ አንዱን ገንዘብ ያዡ፣ አንዱን እኔ እይዛለሁ። ሦስታችን ካልተገናኘን ሣጥኑ አይከፈትም፤ ስለዚህ ስንት ዘመን ሙሉ አንድም ቀን ተሰርቆ፣ አንድም ሰው ተጠርጥሮ አያውቅም። "ለምን የበረዶ ቤቱን እንደ እድር ሣጥን አናደርገውም?" አልኩ። "ሦስት ጓጉንቸር፣ ለየከተማው አንድ አንድ ቁልፍ። ሦስቱም ካልመጡ በሩ አይከፈትም።"

አዳራሹ ሙሉ አጨበጨበ። ሐጂ መረቁኝ፣ ጋሼ ጨበጡኝ፣ ሠልጣኙ "እንዲህ ያለው ሐሳብ እዚያም የለም" አለ። እውነቱን ነበር። ሣጥን ውስጥ ያለ ብር አይበሰብስም፤ ቲማቲም ይበሰብሳል። ይህን ልዩነት ከመቶ ሰው አንድም አላነሣውም፤ እኔ ደግሞ የዕለቱ ጀግና ስለነበርኩ ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም።

መተዳደሪያ ደንቡን ጻፍኩት። ቁልፍ ከያዡ ገላ አይለይም። ከሦስቱ አንዱ በሌለበት ጓጉንቸር የሰበረ ከተማ ከማኅበሩ ይወጣል። ቤቱ በሳምንት አንድ ቀን፣ በገበያ ቀን ይከፈታል። ጄኔሬተር ተገዛ፤ ውጭ ቢያድር ይሰረቃል ተብሎ ውስጥ ገባና ተቆለፈበት። ይህንንም ጽፌዋለሁ፣ "ለጥንቃቄ ሲባል" ብዬ። የደብረ ሲናን ቁልፍ ጋሼ፣ የአሊዩ አምባን ሐጂ፣ የሸዋ ሮቢትን እኔ ያዝን። የእኔን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርኩት።

መጀመሪያ ላይ አማረብን። ጋሼ በሚኒባስ ይወርዳሉ። ሐጂ ግን መከራቸው ነው፤ አሊዩ አምባ በቆላነት ዘመዳችን ናት እንጂ በመንገድ አይደለችም። አንኮበር ይወጣሉ፣ ደብረ ብርሃን ይሻገራሉ፣ ከዚያ በደብረ ሲና አድርገው ወደ እኛ ይወርዳሉ። ሦስታችን ተራ በተራ ከከፈትን በኋላ ምሳ እንበላለን። ሥጋ ቢታዘዝ የእስላምና የክርስቲያን ተብሎ ትሪው ሁለት ይሆናል፤ እኛ ከአንድ ትሪ ለመብላት ስንል ጾም ባልሆነበት ቀን ሽሮ እናዝዛለን። ሐጂ ጎርሰው ያጎርሱኝ ነበር። ያን ምሳ እወደው ነበር፣ አልዋሽም።

አሁን ወደ እትዬ ልምጣ። እትዬ ታላቅ እህቴ ናቸው፤ እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደጉኝ እሳቸው ስለሆኑ አንቺ ብያቸው አላውቅም። ቀወት ወረዳ ውስጥ፣ ከከተማችን ወረድ ብሎ፣ ብቻቸውን በሳር ቤት ይኖራሉ። ሳሩ በስብሶ ባለፈው ክረምት አልጋቸውን ከጥግ ወደ ጥግ ሲያዞሩ ነው የከረሙት፤ ነሐሴ ላይ ሳንባቸውን ታመው ተርፈዋል። "ዘንድሮ ቆርቆሮ ካልመታሁ ሌላ ክረምት አልዘልቅም" ይሉኝ ነበር፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወሩ ሁሉ በተረጋጋ ድምፅ። ለዚህ ሲሉ በመስኖ ቲማቲም ተከሉ። በእጃቸው አረሙ፣ በእጃቸው አጠጡ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ስድሳ ሣጥን ወጣ።

ያን ሰሞን የሁሉም ሰው ቲማቲም አብሮ ደርሶ ዋጋው ወድቋል። ደላላው መኪናውን ከማሳቸው ዳር አቁሞ የጠራላቸው ዋጋ ለግማሽ ጣሪያ ይሆናል። እትዬ ሊሸጡ ነበር። እኔ ነኝ ባጃጅ ይዤ የበረርኩት።

"እትዬ፣ የሰኔ ጾም እስኪገባ አሥር ቀን ነው። ጾም ሲገባ ዋጋው እጥፍ ይሆናል። የበረዶ ቤቱ እያለ ለምን ይጥሉታል?"

"ይሄ መኪና ቆሟል፣ ልጄ። ያኛውን አላየሁትም።"

"እኔ ቁልፉን አንገቴ ላይ ይዤ ምን ይሆናል ብለው ነው?"

አንገቴን አዩ። ቁልፉንም አዩ። ደላላውን "ሂድ፣ ግድ የለም" አሉት። ደላላው ሲያልፍ እየሳቀብኝ ነበር፤ እኔም ስቄበታለሁ።

በገበያው ቀን ሌላው የራሱን ሲያወጣ እኛ ስድሳውን ሣጥን አስገባን። ያን ቀን ሐጂ መኪና ተበላሽቶባቸው ሦስት ሰዓት ዘገዩና ሰው ሁሉ በፀሐይ ቆሞ ጠበቀ። ሠልጣኙ ተቆጣ። "የቁልፍ ያዦች መዘግየት" የሚል አንድ አጀንዳ ብቻ ያለው አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። ስብሰባ በየከተማው ይዞራል ብለን ስለተስማማን ተራው የአሊዩ አምባ ነበር። በደብዳቤው ላይ "ቁልፍ ያዦች በሙሉ መገኘት ግዴታ ነው" ይላል። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ሦስታችንም ሄድን። ሦስቱ ቁልፎችም አብረውን አንኮበርን ወጥተው አሊዩ አምባ ወረዱ። አንዱ በሐጂ የጀለቢያ ኪስ፣ አንዱ በጋሼ ቦርሳ፣ አንዱ በእኔ አንገት። ስብሰባው በደረስን ማግሥት ጠዋት ተጀመረ። ከሰዓት በኋላ፣ ሠልጣኙ ስለ ሰዓት አክባሪነት ሁለተኛውን ሰዓት እያወራ ሳለ፣ ስልኬ ጮኸ። የበረዶ ቤቱ ዘበኛ ናቸው፤ ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ በከንቱ አይደውሉም።

"ጸሐፊ፣ መብራት ከትናንት ጠዋት ጀምሮ የለም። ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ።"

"ጄኔሬተሩን ያስነሡታ።"

"ጄኔሬተሩ ውስጥ ነው።"

የጻፍኩት ዐረፍተ ነገር ከነፊርማው ፊቴ መጣ።

"ግድግዳው ግሏል። ሽታ ጀምሯል" አሉ። "መዶሻ አለኝ። ልስበረው?"

ስብሰባው ሁሉ እኔን ያያል። ሐጂ ነገሩ ገባቸውና ጎንበስ ብለው፣ "ይስበሩት በያቸው ልጄ፤ ጓጉንቸር ከሱቅ ይገዛል" አሉኝ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር። ያ መነጽር መጥረግ ገደለኝ። ሸዋ ሮቢቶች ሰበሩት ሊሉ ነው ብዬ አሰብኩ። ዓመት ሙሉ የከተማዬን ስም ጠብቄ፣ ያ ሁሉ ጭብጨባ የተጨበጨበለትን ጓጉንቸር፣ በራሴ አፍ ስበሩት ልበል? ያን ጊዜ ስድሳው ሣጥን በዓይኔ አልመጣም። የመጣብኝ ሰው ስለ እኔ የሚለው ነው።

"አይስበሩት" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። "ደንቡ አይፈቅድም። ነገ ሦስታችንም መጥተን እንከፍተዋለን።"

ሠልጣኙ "አርአያነት ያለው ተግባር" ብሎ በቃለ ጉባኤው እንዲያዝ አዘዘኝ። ያዝኩት።

ከሰዓት በኋላ ከአሊዩ አምባ ወደ አንኮበር የሚወጣ መኪና የለም። በማግሥቱ ማለዳ ተነሣን፤ ሸዋ ሮቢት የደረስነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ከበሩ ሥር ቀይ ውሃ ወጥቶ አሸዋው ላይ ተኝቷል። ዝንቡ ከሩቅ ይሰማል። እትዬ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ነጠላቸው አፍንጫቸው ላይ ነው።

እንደ ደንቡ ተራ በተራ ከፈትን። ጋሼ ከፈቱ፣ ሐጂ ከፈቱ፣ እኔ ሦስት ጊዜ ስቼ ከፈትኩ። ውስጡን አልናገረውም። ከስድሳው ሣጥን ለበግ የሚሆን እንኳ አልወጣም። ጄኔሬተሩ መሐል ላይ ቆሟል፣ ነዳጁ ሙሉ ነው። እትዬ ወደ በሩ መጥተው አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ውስጥ አዩ። "ሣጥኖቹን እጠቡና ስጡኝ፣ የሰው ናቸው" አሉ። ከዚያ ወደ ቤታቸው ሄዱ። እያለቀስኩ ልከተላቸው ስል በእጃቸው መለሱኝ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሥጋቱን ተካፈልነው። ሐጂ "ኪሳራውን ለሦስት አንሸከምም ወይ? ተፈራርመናል" ብለው ደጋግመው ጠየቁ። የሐጂ ወገኖች እንኳ መሬት መሬት አዩ። የደብረ ሲናዎቹ መብራት የጠፋው በሸዋ ሮቢት ነው አሉ፤ የእኛዎቹ ስብሰባው የነበረው አሊዩ አምባ ነው አሉ፤ ሠልጣኙ ኪሳራው የከተሞች ሳይሆን የግለሰብ ምርት መሆኑን አስረዳ። ከብዙ ክርክር በኋላ ሦስቱ ከተሞች ሐዘናቸውን እኩል እንዲገልጹና ለባለ ምርቷ ስለ ትዕግሥታቸው የምስጋና ወረቀት እንዲሰጥ ተወሰነ። ጽሑፌ ያምራል ተብሎ እኔ እንድጽፈው ተደረገ። ማኅተም ለማሳረፍ ሦስት ቦታ ዞረ። ላሚኔት ተደረገ። ሐጂ ከኪሳቸው ለእትዬ የሰጡኝ ብር ነበር፤ እትዬ "የእሳቸው ጥፋት አይደለም" ብለው መለሱት።

የበረዶ ቤቱ አሁንም አለ፤ ሦስቱ ጓጉንቸሮችም በሩ ላይ ናቸው። ሁለተኛው ምዕራፍ እየተጠና ነው ይባላል።

ወረቀቱን ለመስጠት ሐምሌ ድረስ አመነታሁ። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ ሸራ ገዝቼ፣ ወረቀቱን በሸራው ጠቅልዬ ሄድኩ። ልገባ ስል ዝናቡ ወረደ። ሸራውን ዘርግቼ ብለካው ለጣሪያው ግማሽ እንኳ አልበቃም። ቤቱ ውስጥ በየቦታው ድስት፣ ጣሳ፣ ባልዲ ተደርድሯል፤ አልጋው እንደገና ጥግ ቀይሯል። እትዬ ያስላሉ።

ወረቀቱን ሰጠኋቸው። ማንበብ ስለማይችሉ ማኅተሞቹን በጣታቸው ነኩና፣ "ይሄ ውሃ አያስገባም አይደል?" አሉኝ። አያስገባም አልኳቸው። በርጩማ ላይ ቆመው ከትራሳቸው በላይ ባለው ቀዳዳ በሳሩና በእንጨቱ መሐል ሰኩት። ልክ ገባ። ከመላው ጣሪያ እሱ ብቻ አያንጠባጥብም።

"ያንቺ ጽሑፍ ነው?" አሉ ከላይ ሆነው።

"አዎ፣ እትዬ።"

"ያምራል።" ወረዱና ተቀመጡ። ሳሉ እስኪያልፍ ጠበቁ። "ያን ቀን ዘበኛው ስልኩን ድምፁን ከፍተውት ነበር። አጠገባቸው ቆሜ መዶሻውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ‹እሷ ካለች ይሰበር› ብያቸው ነበር።"

ቁልፉ አሁንም አንገቴ ላይ ነው፤ በጣቴ ይዤው ቆሜያለሁ።

"ያ ድስት ሞልቷል" አሉኝ። "አንሺና ደጅ ድፊው።"

አንሥቼ ደፋሁት።